ተክልን ከነጠባዩ

ሦስት ልጆች ያሳደግሁት ቢሾፍቱ ውስጥ፣ አፈሩ የሰጡትን ሁሉ በሚያበቅል ግቢ ነው። ዳዴ ያሉት፣ አፈር የበሉት፣ አጥር ላይ የተንጠላጠሉት እዚሁ ነው፤ አንዳቸውም በቅጠል ወይም በፍሬ ምክንያት ሐኪም ቤት ገብተው አያውቁም። ስለዚህ ሜሪላንድ የምትኖረው የመጨረሻ ልጄ፣ መራመድ የጀመረች ሕፃኗን ይዛ ልትመጣ ስትዘጋጅ ደውላ፣ «እማዬ፣ ግቢው ውስጥ ያሉትን ተክሎች አንድ በአንድ ንገሪኝ፤ መርዝ ያለው ካለ ማወቅ አለብኝ» ስትለኝ ከፋኝ። ቅሬታዬን አልደብቅም፤ ያደገችበትን ግቢ የጠረጠረች፣ ከግቢውም ጋር እኔን የጠረጠረች መሰለኝ። «አንቺስ የት ያደግሽ ነሽ?» አልኳት።

እሷ ግን ረጋ ብላ አስረዳችኝ። አሜሪካ ውስጥ ስለ መርዝ የሚጠየቅበት፣ ቀንም ሌሊትም ባለሙያ የሚያነሳው ነጻ የስልክ መስመር አለ፤ ቁጥሩ 1-800-222-1222 ነው። ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፋዋለች። ወላጆች የሚደውሉት ልጃቸው መድኃኒት ወይም የጽዳት ፈሳሽ ሲቀምስ ብቻ አይደለም፤ የሳሎን ቅጠል ሲያኝክም ይደውላሉ። «ቢሾፍቱ ስመጣ ግን የምጠይቀው አንቺን ነው» አለችኝ። ንዴቴ በረደ። ልጄ የምትተማመነው በእኔ ነው፤ እኔ ደግሞ ውኃ ከማጠጣቸው ተክሎች የብዙዎቹን ስም እንኳ በቅጡ አላውቅም። የልጅ ልጄ እስካሁን አንዲት ናት፤ አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም።

በማግስቱ ጠዋት ከጓሮ ጀመርኩ። ጡረታ የወጣሁ መምህርት ነኝና ማንበብ አይታክተኝም፤ በአንድ ወቅት ባዮሎጂ ያስተምር የነበረ ባልደረባዬም ያላወቅኋቸውን እየለየ ረዳኝ።

ከማድ ቤቱ ጀርባ ማንም ሳይተክለው የሚበቅል ጉሎ አለ። በእኛ ቤት ጉሎ ሥራ አለው፤ አዲስ ምጣድ የሚሟሸው በፍሬው ነው። እናቴ በሕይወት ሳለች ፍሬውን ፈልፍላ ስትወቅጥ ልጆቹን አጠገቧ አታስደርስም ነበር። ስትጨርስ ወለሉን ጠርጋ ፍርፋሪውን ትቀብረዋለች፤ የወቀጠችበትን ድንጋይም ለብቻው ታኖረዋለች። ልጆቹ ዥጉርጉሩን ፍሬ እንደ ጨሌ በክር ሊሰኩት ሲለቅሙ ካየች ከእጃቸው ትነጥቃለች። ምክንያቱን አንድም ቀን ጠይቄያት አላውቅም፤ አሁን አንብቤ አገኘሁት። የጉሎ ፍሬ ራይሲን የሚባል መርዝ ይዟል። ይህ መርዝ የሰውነት ሕዋሳት ፕሮቲን መሥራት እንዲያቆሙ ያደርጋል፤ ማርከሻም የለውም። ፍሬው ሳይታኘክ ከተዋጠ ጠንካራ ልባሱ መርዙን እንደያዘ ሊወጣ ይችላል። ከታኘከ ግን ከሰዓታት በኋላ ማስመለስ፣ ከባድ ተቅማጥ፣ አንዳንዴም ደም ይከተላል። የቡልጋሪያው ደራሲ ጆርጂ ማርኮቭ እ.ኤ.አ. በ1978 ለንደን ውስጥ የተገደለው እግሩ ላይ በተተኮሰች፣ ከስፒል ራስ በማትበልጥ ጥይት ውስጥ በነበረ ራይሲን እንደሆነ ይታመናል። ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው የጉሎ ዘይት ግን ሌላ ነው፤ ራይሲን በዘይት ስለማይሟሟ መርዙ ፋጉሎው ውስጥ ይቀራል።

አጥሩ ላይ እንዶድ ተጠምጥሟል። ነጠላና ጋቢ የሚያነጣልን እሱ ነበር። እናቴ ልብስ አጥባ ስትጨርስ እጣቢውን ወደ ዶሮዎቹ መጠጫ አታስጠጋውም፤ ከግቢው ማዶ ወስዳ ትደፋዋለች። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ውስጥ ስለ ቢልሃርዝያ ሲያጠኑ ያስተዋሉትም ከዚሁ ጋር የሚገናኝ ነው፤ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቀንድ አውጣው የበሽታው ተሸካሚ ነበርና ያ ትዝብት ትልቅ ምርምር ወለደ፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አስገኘላቸው። ቀንድ አውጣ የሚገድል ነገር ለሰው ሆድ ምግብ አይሆንም። እንዶድ ጽንስ ያስወርዳል፣ በሽታ ያድናል ተብሎ ተጠጥቶ ሕይወት ያጠፋበት ጊዜ አለ።

በጓሮ በኩል ያለው አጥራችን ቅንጭብ ነው። ሲቆረጥ የሚፈሰው ነጭ ወተት ዓይን ውስጥ ከገባ የሚያመጣው ሕመም ብቻ አይደለም፤ የዓይንን መስታወት አቁስሎ ለጊዜው ማየት ሊከለክል ይችላል። እናቴ አጥር የሚከረክመውን ሰው ሳይታጠብ እንጀራ አታቀርብለትም ነበር፤ በሳሙና ታጥቦ እስኪጨርስ ቆማ ትጠብቀዋለች። ልጆቹንም ያን ቀን ወደ ጓሮ አታሳልፍም።

ክረምት በገባ ቁጥር የቆሻሻ ጉድጓዱ ዳር ዕፀ ፋሪስ ይበቅላል፤ አንዳንዱ አስተናግር ይለዋል። አበባው ጡሩምባ የመሰለ ነጭ፣ ፍሬው እሾኻም ነው። እናቴ ፍሬ ሳይቋጥር ነቅላ ትጥለዋለች። በቆሎ ትምህርት ቤት ያለፉ ሽማግሌዎች ስለ አብሾ ሲያወሩ ሰምቻለሁ፤ ትምህርት ይገልጣል ተብሎ ከዚህ ተክል ይዘጋጃል የሚባለው መጠጥ አእምሮውን አናግቶ ያስቀረው ተማሪ ብዙ እንደነበረ ይናገራሉ። ቅጠሉም ፍሬውም አትሮፒንና ስኮፖላሚን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉት። የበላው ሰው አፉ ይደርቃል፣ ቆዳው ቀልቶ ይግላል፣ ልቡ ይፈጥናል፣ የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፤ ከዚያም ከሌለ ሰው ጋር ያወራል። መጥፎነቱ ከእህል ጋር አብሮ መብቀሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በኡጋንዳ ካራሞጃ አካባቢ ለእርዳታ የታደለ የተፈጨ ምግብ በዚህ ተክል ተበክሎ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ታመዋል፤ የሞቱም አሉ። እህል ስትለቅም የጠቆረች ፍሬ ካየች ሰፌዱን እንደገና የምታበጥረው እናቴ ይህን ዜና ብትሰማ አይገርማትም ነበር።

ለቡናችን የምንቀነጥሰው ጤና አዳም ሳይቀር ጠባይ አለው። ጭማቂው ቆዳ ላይ ነክቶ ፀሐይ ካገኘው ያቃጥላል፣ ያቆስላል፤ ለነፍሰ ጡርም በብዛት መጠጣቱ አደገኛ ነው። እኔ ነፍሰ ጡር ሳለሁ እናቴ ከቡናዬ ላይ ቅንጣቢውን ታነሳው ነበር።

ከጓሮ ወጥቼ ወደ ፊት ለፊቱ ግቢ ስዞር አንድ ነገር ቆም አደረገኝ። በጓሮው ውስጥ በደረስኩበት ተክል ሁሉ የእናቴ ትእዛዝ አለ፤ ይህን አትንኩ፣ እጃችሁን ታጠቡ፣ እዚያ አትድፉ። ግቢው ደኅና ሆኖ አያውቅም። ደኅና ያደረገችው እናቴ ነበረች። ልጆቼን የጠበቃቸው ዕድል ወይም አፈሩ አልነበረም፤ አንዲት ሴት ስሙን ሳትጠራ፣ ምስጋናም ሳትጠብቅ በየቀኑ የምትሠራው ሥራ ነበር። ሥራው ሥራ መሆኑን ያየሁት እሷ ካረፈች ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

በፊት ለፊቱ ግቢና በሳሎኑ ደግሞ የእናቴ ትእዛዝ የለም። እዚያ ያሉት ተክሎች እሷ ካለፈችና ልጆቼ ካደጉ በኋላ የገቡ ናቸው። ከመንገድ ዳር ችግኝ ሻጭ የገዛናቸው፣ ከጎረቤት ቆርጠን ያመጣናቸው፣ በመልካቸው የተመረጡ ናቸው። «ልጆች አሳድጌበታለሁ» የሚለው መከራከሪያዬ እነሱን አይመለከትም፤ በእነሱ መካከል ያደገ ሕፃን የለም።

ሳሎን ውስጥ በማሰሮ ያለው፣ ሰፊ ቅጠሉ ነጭና አረንጓዴ የተዥጎረጎረው ተክል ዲፈንባኪያ ይባላል። በየቢሮው፣ በየፀጉር ቤቱ፣ በየካፌው አለ። ቅጠሉና ግንዱ ውስጥ በዓይን የማይታዩ መርፌ መሳይ የካልሲየም ኦክሳሌት ቅንጣቶች ታጭቀዋል። ሕፃን ሲነክሰው ቅንጣቶቹ ምላስና ጉሮሮ ላይ ይሰካሉ፤ ያቃጥላል፣ ለሐጭ ያዝረበርባል፣ ምላስ ያብጣል፣ ድምፅ ይዘጋል። አብዛኛውን ጊዜ በሰዓታትና በቀናት ውስጥ ይሻላል፤ እብጠቱ የአየር ቧንቧን ካጠበበው ግን ሕይወት ያሰጋል። ቁመቱ ደግሞ ልክ የልጅ አፍ ጋ ነው።

በበሩ ግራ ያለው፣ ማታ ማታ ሽታው መንገደኛ የሚያስቆመው፣ ትልልቅ አበባዎቹ ወደ መሬት ተዘቅዝቀው የሚንጠለጠሉት ዛፍ ብሩግማንሲያ ነው። ከደቡብ አሜሪካ የመጣ የዕፀ ፋሪስ የቅርብ ዘመድ ሲሆን መርዙም ያው ነው። እናቴ ከቆሻሻ ጉድጓዱ ዳር ስትነቅለው የኖረችውን ነገር እኛ በበራችን ላይ ተክለነዋል።

ሦስተኛው ከሁሉም የከበደኝ ነው። ከሳሎኑ መስኮት ፊት ለፊት፣ ቅጠሉ ረዘም ቀጠን ያለ፣ አበባው ሮዝ፣ በጋ ከክረምት የማያቋርጥ ኦሊያንደር ነበረ። የተከለው ባለቤቴ ነው፤ ጡረታ በወጣ ሰሞን ከመንገድ ዳር ዘንግ ቆርጦ አምጥቶ። ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ጠዋት መስኮቱን ስከፍት መጀመሪያ የማየው እሱን ነበር፤ ስለ ልጆቹ የማወራውም ለእሱ ነበር። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ኦሊያንደር ከቅጠሉ እስከ ሥሩ መርዝ ነው። መርዙ የልብን ሕዋሳት ይይዛል፤ የልብ ምት ያዘገያል፣ ያዛባል፣ ሊያቆምም ይችላል። ቢጫ አበባ ያለው፣ በሞቃታማ ከተሞቻችን የሚተከለው ዘመዱም እንዲሁ ነው። አሠራሩን ለመረዳት ብዙ መመራመር አላስፈለገኝም፤ ባለቤቴ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ለልቡ ዲጎክሲን ይወስድ ነበር። ዲጎክሲን ዲጂታሊስ ከሚባል አበባ የሚገኝ መድኃኒት ነው፤ እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ዊዘሪንግ ስለ አበባው ጥቅም የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1785 ነው። ኦሊያንደርም ልብን የሚነካው በዚያው መንገድ ነው። የባለቤቴ ሐኪም «የሚረዳው መጠንና የሚጎዳው መጠን በጣም ይቀራረባሉ» ብሎ ደጋግሞ ያስጠነቅቀን ስለነበር ክኒኑን በየቀኑ ቆጥሬ የምሰጠው እኔ ነበርኩ። ለትልቅ ሰው በጥንቃቄ የሚሰፈር ነገር፣ ማንም ሳይሰፍረው የሕፃን እጅ በሚደርስበት ቦታ ሊቆም አይገባም።

ቢሆንም ወዲያው አልወሰንኩም። ልጄ ነገሩን ስነግራት «በሽቦ እናጥረው፤ የአባዬ ነው» አለችኝ። ጎረቤቶቼም በየአደባባዩ ተተክሎ ማን ሞተ ብለው አጽናኑኝ። እውነት ነው፣ ትልቅ ሰው መንገድ ላይ ያየውን ቅጠል አይበላም። ግን በግቢያችን የሚያልፈው የእኔ የልጅ ልጅ ብቻ አይደለም። የጎረቤት ልጆች ኳሳቸውን ሊፈልጉ ይገባሉ፤ ፍየሎችም በር ክፍት ካገኙ ይገባሉ። ባለቤቴን እንደምከዳው ሆኖ ተሰማኝ፤ አለቀስኩም። በመጨረሻ ያሳመነኝ ባለቤቴ ራሱ ነው። በሕይወት ቢኖርና ይህን ቢያውቅ፣ መጥረቢያውን ፍለጋ ወደ ዕቃ ቤት የሚሄደው ማንም ሳያዝዘው ነበር። የምወደው ሰው የሚያደርገውን ማድረግ ክህደት አይሆንም።

አነቃቀሉም ዕውቀት ይፈልጋል። ጓንትና ረጅም እጅጌ ለብሰን ቆረጥነው። አላቃጠልነውም፤ ጭሱም ይጎዳል። ቅርንጫፉን ውጭ አልጣልነውም፤ ቅጠሉ ደርቆም መርዙ ስለማይለቀው ፍየልና አህያ በልተውት ሊሞቱ ይችላሉ። ሥሩን አስነቅለን፣ ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፍረን ቀበርነው። በቦታው ጽጌረዳ ተክያለሁ።

ሁሉን ነገር ግን አልነቀልኩም። ፍርሃት ሲበዛ እሱም ልክ ያጣል። ገና ሲደርስ ጫፉ ቀይ የሚሆነው፣ ፖይንሴቲያ የሚባለው ተክል በዓለም ዙሪያ ለረጅም ጊዜ ገዳይ ነው ሲባል ኖሯል፤ ሲጠና ግን ወተቱ ቆዳ ማሳከክና ሆድ ማወክ ያህል እንጂ ሕይወት የሚያሰጋ ሆኖ አልተገኘም። እሱ ቦታውን ይዟል። ቅንጭቡም አጥር ነውና አለ፤ ከውስጥ በኩል ልጅ እንዳይጠጋው እንጨት ተጋድሞበታል። ጉሎው ተነቅሏል፤ ለምጣዴ የሚሆን ፍሬ ስፈልግ ከገበያ አመጣለሁ። ብሩግማንሲያውም ወርዷል።

ትልቁ ሥራ የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ከእኔ ጋር የምትኖር፣ ቤቱን የምታግዘኝ ወጣት አለች፤ ከሸዋ ገጠር የመጣች ናት። ቀኑን ሙሉ ከሕፃኗ ጋር የምትሆነው እሷ መሆኗን ሳስብ፣ እኔ ብቻ ማወቄ ምንም እንደማይጠቅም ገባኝ። አብረን ግቢውን ዞርን። ስለ ጓሮው ተክል የምታስተምረኝ እሷ ሆነች፤ ስለ ሳሎኑ ቅጠል ግን ማንም ነግሯት አያውቅም ነበር። «ወፎች የሚበሉት ፍሬ ለሰውም አይጎዳም» የሚል እምነት ነበራት፤ ብዙዎቻችን ይህን እንላለን። አይሠራም። የወፍ ቆሎን ፍሬ ወፍ ይለቅመዋል፤ ያልበሰለው ፍሬ ግን ልጅን ያሳምማል፣ ቅጠሉም የከብት ጉበት ያበላሻል።

ልጅ ተክል ቢያኝክ ምን እንደምናደርግም ተነጋግረን ተስማማን። መጀመሪያ አፉ ውስጥ የቀረውን በጣት ጠርጎ ማውጣት፣ አፉንና እጁን በንጹሕ ውኃ ማጠብ። ወተት ዓይን ውስጥ ከገባ ለሩብ ሰዓትና ከዚያም በላይ በሚፈስ ውኃ ማጠብ። ጣት ከትቶ ወይም ጨው በጥብጦ ለማስመለስ አለመሞከር። ማርከሻ ነው ብሎ ባለሙያ ያላዘዘውን ወተት፣ ዘይት ወይም ቅጠል አለማጠጣት። ልጁ ደኅና ቢመስልም ወደ ጤና ተቋም መውሰድ፤ የጉሎም ሆነ የኦሊያንደር ጉዳት እስኪታይ ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል። ከሁሉም በላይ የተበላውን ተክል ቅጠሉን፣ አበባውንና ፍሬውን በላስቲክ ይዞ መሄድ፤ ሐኪሙ ሊረዳ የሚችለው ምን እንደተበላ ሲያውቅ ነው።

የልጅ ልጄ መጣች፣ ግቢውን አዳረሰች፣ አፈሩንም ቀመሰች፤ በሰላም ተመልሳለች። ያንን ክረምት ከጠበቋት ነገሮች አንዱ እናቷ ደፍራ ያነሳችው ጥያቄ ነው። እኔን ያስቀየመኝ ጥያቄ የእናቴ ሥራ ቀጣይ መሆኑን ዛሬ አውቃለሁ። ድሮ ሥራው በዝምታ ይሠራ ነበር፤ እናት ከልጅ፣ ጎረቤት ከጎረቤት ጋር አንድ ዓይነት ተክል ስለሚያውቁ መናገር አያስፈልግም። ዛሬ ተክሉ ከሩቅ አገር ይመጣል፣ ሰውም ከሩቅ አገር ይመጣል፤ በአንድ ግቢ የሚገናኙት ግን አይተዋወቁም። ስለዚህ ያልተነገረ ዕውቀት ከእንግዲህ ልጅ አይጠብቅም።

ችግኝ የምትሸጡ እኅት ወንድሞቼ፣ ከዋጋው ጋር ስሙንና አደጋውን ብትነግሩን ገበያችሁ አይቀንስም፤ እምነታችን ይጨምራል። የምትገዙም ስሙን ሳትጠይቁ ወደ ቤት አታስገቡ። እኔ ዲፈንባኪያውን የሰጠኋቸው ልጅ የማይገባበት ቤት ላላቸው ጎረቤቴ ነው፤ ስሰጣቸውም ቁጭ ብለን ጠባዩን ነግሬያቸዋለሁ። አገራችን ላይ ተክል በገንዘብ ብቻ ሳይሆን በመቆራረስም ነው የሚዛመተው፤ ከአጥር በላይ ዘንግ እንቀባበላለን። ከእንግዲህ ከእኔ ቤት ዘንግ ቆርጦ የሚሄድ ሁሉ ጠባዩንም ሰምቶ ይሄዳል። ይህን ሳልናገር ማንንም አላሰናብትም፤ የእናቴን ሥራ የተረከብኩት እንዲህ ነው።